የፊት ወንበሩ ጋሼ ሰይድ

«እማ፣ ጋሼ ሰይድን አገናኚኝ» አለችኝ ሐያት።

«ተኝተዋል።»

እሷም በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «በምን አወቅሽ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ አደገኛ መሆኑ የገባኝ። ልጄ እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እኔ በአማርኛ ሳናግራት እሷ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ይቺን አንዲት ጥያቄ ግን ልክ እንደ ደሴ ሰው አድርጋ ነው የምትላት፤ የተማረቻት ከራሳቸው ከጋሼ ሰይድ ነዋ። መልስ ሳልሰጣት ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አታነሳም። ኩሽና ውስጥ ፍሪጁን ተደግፌ ቀረሁ። ጋሼ ሰይድን ከቀበርናቸው ገና ሦስት ቀን አልሞላም ነበር።

ሐያት እንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ ታጠናለች፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እዚያው ክፍሏ ውስጥ መጋረጃ ዘግታ፣ ምግብ ትታ፣ ሰው ጠልታ ተኝታ ነበር። ከዚያ ያስነሷት እኚህ ሰው ናቸው። አሁን እሳቸው የሉም፣ እሷም ብቻዋን ናት። መሞታቸውን ስትሰማ ማን ይይዛታል? እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ በጠዋት ቤቱ ድረስ ይኬዳል፣ የሚረዳው ሰው እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ የሚቆም ይዘጋጃል። ለቅሶ ቤት የነበሩት ሴቶችም ያሉኝ ይህንኑ ነው። «ለብቻዋ ናት እኮ! ትምህርቷን ጨርሳ ስትመጣ እዚህ እናረዳታለን» አሉኝ። ስለዚህ ነው «ተኝተዋል» ያልኩት።

ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ስለ ጋሼ ሰይድ ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ አጻጻፌ እዚህም እዚያም ቢንጋደድ ታገሡኝ።

ሥራዬ በሽተኛ ማመላለስ ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎችን ከየቤታቸው እያነሳሁ ዳውንታውን አጠገብ ወዳለው የዲያሊሲስ ቦታ አደርሳለሁ። ደማቸው በማሽን ሲታጠብ ይቆያል፣ ሲጨርሱ እመልሳቸዋለሁ። ጋሼ ሰይድ ሬይኖልድስበርግ፣ ልጃቸው አብዱ ቤት ነበር የሚኖሩት። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ የእኔ ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍቼ «ከኋላ ይግቡ ጋሼ፣ የካምፓኒው ሕግ ነው» አልኳቸው።

«ሬሳ ነኝ እንዴ ከኋላ የምጫነው?» አሉና ከፊት ገቡ። ቀበቶውን ራሳቸው አሰሩ። ከረባታቸውን አቃኑ። አዎ፣ ከረባት። ለዲያሊሲስ ከረባት የሚያስር ሰው ከእሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም።

«ለማሽኑ ነው እንዴ እንዲህ የለበሱት?» ብዬ ቀለድኩ።

«ማሽኑማ ያውቀኛል። መንገድ ላይ የማያውቀኝ ሰው ቢያጋጥመኝስ?»

ወሬ ለመጀመር ያህል «ዛሬ በረዶ ይጥላል አሉ» አልኳቸው።

«ማን አለ?»

«ሰዎች ናቸዋ።»

«እነሱስ በምን አወቁ?»

«እኔ እንጃ። ስልኬም ላይ አለ።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠፉ፣ ደረት ኪሳቸው ከተቱ። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ነገር ሊከራከሩኝ ሲዘጋጁ የሚያደርጉት ነው። «ስልክሽ መስኮት አለው? ወደ ውጭ ያያል?»

በረዶው ግን ጣለ። ስመልሳቸው መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር። ደስ ብሎኝ «ይኸው ጣለ አይደል ጋሼ?» አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ድምፃቸው አይወጣም፣ ግን አለቀቁኝም። «መጣሉን አሁን አወቅን። ጠዋት ግን አላወቅንም ነበር» አሉ።

ደሴ ታሪክ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። በወጣትነታቸው ዕድል ደርሷቸው እንግሊዝ አገር ሄደው፣ ታሪክ ተምረው፣ ተመልሰዋል። በስተርጅና አብዱ አመጣቸው። የልጅ ልጆቻቸው ጥሩ ልጆች ናቸው፤ «ሃይ ግራንፓ» ይሉና ያልፋሉ። ቤት ውስጥ የሚጨቃጨቃቸው ሰው አልነበረም። ለዚህ ይመስለኛል እኔን የያዙኝ። እኔም ደካማ ነኝ፣ እሳቸውም ደካማ ናቸው፤ ግን መኪናው ውስጥ ጭቅጭቅ ጠፍቶ አያውቅም። ሬዲዮ ስከፍት ይዘጋሉ። ሙቀት ስጨምር መስኮት ይከፍታሉ። ከሁሉ የሚጣሉኝ በፍሬቻዬ ነበር። መስመር ቀይሬ ፍሬቻውን ማጥፋት እረሳለሁ፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ኢስትሙር ሰፈር እንደርሳለን።

«አጥፊው አንቺ ሴትዮ! ልታጠፍ ነው ብለሽ ዝም ብለሽ ትነጃለሽ። ከኋላሽ ያለው ሰው እስከ መቼ ይመንሽ?»

«እሺ ጋሼ፣ ይኸው።»

«አብሽሪ፣ ነገም ትረሺዋለሽ።»

ሐያት እንግሊዝ አገር ታሪክ ልታጠና ነው ስል ሰዉ ሁሉ አዝኖልኝ ነበር። «ታሪክ? ነርሲንግ እያለ? ታሪክ ምን ያበላል?» አባቷ ትራክ ይነዳል፣ አልፎ አልፎ ነው ቤት የሚገኘው፤ እሱም «እስቲ ተያት፣ ያልፍላት ይሆናል» አለና መንገዱን ቀጠለ። ጋሼ ሰይድ ብቻ ናቸው ያላዘኑልኝ። ሲሰሙ በመስኮት ወደ ውጭ አዩና «እዚያ ዝናብ ነው። የምትለብሰው አላት?» አሉ።

በመጀመሪያው ዓመቷ የብርድ ወቅት፣ ዲያሊሲሱ በር ላይ መኪናዬን አቁሜ፣ ጋሼ ገና ሳይወርዱ፣ ሐያት በቪዲዮ ደወለች። እኛ ጋ ጠዋት ነው፣ እሷ ጋ ከሰዓት በኋላ። ክፍሏ ግን ጨለማ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። ልጄ አልጋ ውስጥ ናት፣ ጸጉሯ አልተፈታም አልተሠራም። 

«ክላስ የለሽም?» አልኳት።

«በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው እማ። ሌላው ለብቻ ማንበብ ነው።»

ውሸት መሰለኝ። እኔ ሥራ የማውቀው በሺፍት ነው፤ ገብተሽ ትወጫለሽ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚማር ተማሪ የት አለ? አባረዋት ነው አልኩ በሆዴ። «ውጤትሽስ?» ስላት አላስቻላትም፣ እንባዋ መጣ። ሃምሳ ስምንት። ከመቶ ሃምሳ ስምንት! ይቺ ልጅ እዚህ ሃይስኩል ከዘጠና በታች አምጥታ አታውቅም። እዚህ ሃምሳ ስምንት ማለት መውደቅ ነው፣ ኤፍ ነው። ጮህኩ። ወላሂ መኪና ውስጥ ጮህኩ። «ወደቅሽ! አለቀልን!»

ጋሼ ሰይድ መነጽራቸውን አወለቁ። አጠፉ። ኪሳቸው ከተቱ።

«መውደቋን በምን አወቅሽ?»

«ሃምሳ ስምንት ነዋ ጋሼ!»

«እዚያ አገር ሰባ ያገኘ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ሰፈር ይዞራል። ዘጠና የሚባል ነገር እኔ አላየሁም። ሃምሳ ስምንት ያለፈ ነው። እኔ መጀመሪያ ከዚያም በታች ነበርኩ።» ከዚያ ስልኩን ከመስቀያው ነቅለው ወደ ፊታቸው አስጠጉ። «አንቺ፣ ስምሽ ማነው? ሐያት። በልተሻል?»

አልበላችም።

«መጋረጃውን ክፈቺ። ብርሃኑን ልየው። እናትሽ አልጨለመም ብትለኝ አላምናትም።»

ልጄ ተነሳች፤ እኔ ስለምናት የቆየሁት ልጅ ተነስታ መጋረጃውን ከፈተች። ዝናብ ነበር።

እኔ ሃምሳ ስምንት ማለፍ መሆኑን ስሰማ እፎይ ብዬ ነበር። ጋሼ ሰይድ ግን ሲወርዱ በሩን ይዘው ጎንበስ አሉና «ማለፏን አውቀናል። ደህና መሆኗን ግን በምን አወቅን? ሐሙስ በዚህ ሰዓት ደውይላት» አሉኝ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከሁሉ የማስታውሰው ሐሙስ የነገሯትን ነው። እንግሊዝኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ነበር የሚያወሯት፤ እኔ የገባኝን እጽፋለሁ። እሳቸው እንግሊዝ አገር በተማሩበት በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አንዴ አስተማሪያቸው ክፍል ይገቡና የጻፉትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። አስተማሪው በመስኮት እያየ ያዳምጣል። ሲጨርሱ «በምን አወቅህ?» ይላቸዋል። ሌላ ነገር የለም። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ሰውዬው የናቃቸው መሰላቸው። አንድ ቀን ሻንጣቸውን ይዘው ባቡር ጣቢያ ሄዱ፣ ሊመለሱ፣ አገራቸው ሊገቡ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ባቡር ሲጠብቁ፣ ለዚያ ሳምንት ጥያቄ መልሱ መጣላቸው።

«ባቡሩስ?» አለች ሐያት።

«መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። እኔ ሻንጣዬ ላይ ወረቀት ዘርግቼ እጽፍ ነበር።» 

ሐያት ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። እኔ ቀይ መብራት ላይ ነበርኩ፤ አረንጓዴ ሲሆን አላየሁትም፣ ከኋላዬ ጥሩንባ ነፉብኝ።

ከዚያ በኋላ መኪናዬ ትምህርት ቤት ሆነ። እኔ እነዳለሁ፣ ሐያት ከእንግሊዝ አገር የጻፈችውን በስፒከር ታነባለች፣ ጋሼ በመስኮት እያዩ ያዳምጣሉ። የማሽን መርፌ የሚገባበትን ግራ ክንዳቸውን እንደተኛ ሕፃን ጭናቸው ላይ ያስተኙታል። ድንገት ቀኝ ጣታቸው ከፍ ይላል። «ቁሚ። ይህን በምን አወቅሽ? የጻፈው ሰው ነበር ወይ እዚያ? ማን ነገረው? የነገረውስ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ልጄ ትንተባተባለች፣ ወረቀት ታገላብጣለች። እኔ የምትለው ግማሹም አይገባኝም፤ የሚያደርጉት ነገር ግን ገብቶኛል። ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ስቀራ የእንጨት ሰሌዳዬን፣ ሉሄን፣ ጭኜ ላይ አድርጌ ሸኹ ፊት ቁጭ እል ነበር። ሌላው ልጅ ሁሉ ይንጫጫል፣ ሸኹ ግን የሚሰሙት የእኔን ነው። ስሳሳት ዱላቸው መሬቱን መታ ያደርጋል። የምፈራው ዱላውን ነበር፤ ዛሬ የሚናፍቀኝ ግን አንድ ሰው እኔን ብቻ የሰማኝ መሆኑ ነው። ልጄም እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዳ የጠፋባት ይህ ኖሯል፤ የሚሰማት።

ደግ ናቸው እያልኩ አይደለም። አንድ ቀን አንብባ ስትጨርስ «ገለባ ነው» አሏት። ገለባ ምን እንደሆነ ስለማታውቅ እኔን ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ዘጋችብን። እኔም ተናደድኩ።

«ልጄን ለምን ያስለቅሱብኛል? ያቺ ልጅ ገና አልዳነችም!»

«አንቺ ታባብያታለሽ፣ እኔም ላባብላት? ሁለታችን ካባበልናት ታመምኩ ብላ ታምናለች።» ከዚያ ደግሞ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «ደክሞኛል ዘይነባ። ለሚደክም ሰው ብቻ ነው ጉልበቴን የማወጣው» አሉ።

ሐያት ከዚያ በኋላ በነበረው ቀጠሯችን ራሷ ደወለች። አዲስ ጽፋ ነበር። ጋሼ ሰሙ፣ ጣታቸውን አላነሱም። ሲያልቅ «ፍሬቻሽን አጥፊ» አሉኝ እኔን። ልጄ እንደ ምስጋና ቆጠረችው፤ ልክም ነበረች።

እንዲህ ሆነን ነው ሦስተኛው ዓመት ላይ የደረስነው። ሐያት ከሰው ጋር መብላት ጀመረች። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥታ መናገር ጀመረች። የመጨረሻ ዓመት ትልቅ ጽሑፍ አለ፤ እሱን በየክፍሉ ታነብላቸው ነበር። የቀረው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከማሽን ሲወጡ መኪናውን በር ላይ አስጠግቼ የፊቱን በር ከፈትኩላቸው። ጋሼ ሰይድ ቆም አሉ። አዩኝ። ከዚያ ከኋላ ገቡ።

«ዛሬ ከኋላ ይሻለኛል» አሉ።

ከረባታቸው ተፈቷል። መንገዱን በሙሉ በመስታወት አያቸዋለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሬይኖልድስበርግ መግቢያ ላይ መስመር ቀየርኩ፣ ሆን ብዬ ፍሬቻውን ሳላጠፋ ተውኩት። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ዝም አሉ። ቤታቸው በር ድረስ እንዲያ እየጮኸ ሄድን፣ ዝም አሉ። ስደግፋቸው ብቻ «ቅዳሜ የመጨረሻውን ታንብብልኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ በጠዋት አብዱ ደወለና «እንዳትመጪ» አለኝ። ሐያት በሰዓቷ ስትደውል «ደክሟቸዋል» አልኳት። እሁድ ቀበርናቸው። ማክሰኞ «ተኝተዋል» አልኳት። የሚቀጥለውን አንብባችኋል።

ረቡዕ አላነሳችም። ሐሙስ አላነሳችም። ያቺ የተዘጋች መጋረጃ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። መርዶው ለጎረቤት ቢሆን፣ ለዘመድ ቢሆን፣ ለቅሶ ቤት ያሉት ሴቶች ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ በጠዋት ተሰብስበው ይሄዳሉ። ልጄ ያለችበት ግን ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ እኔው እሄዳለሁ አልኩ። ከአገሬ ከመጣሁ ወዲህ ብቻዬን አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም። አብዱ ቲኬቱን ቆረጠልኝ፣ የባቡሩንም ነገር ደጋግሞ አስረዳኝ። ለሐያት በድምፅ «እየመጣሁ ነው፣ ቅዳሜ በቀትሩ ባቡር እደርሳለሁ» ብዬ ላኩባት። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል ስልኬን አየሁ፤ አልሰማችውም።

እንግሊዝ አገር ፓስፖርቴን የተቀበለኝ ሰውዬ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ሰው ሞቶብን ነው፣ ለልጄ ልነግራት» አልኩት በእንግሊዝኛዬ።

«የሞተው ሰው ምንሽ ነው?»

ዘመዴ አይደሉም። ጎረቤቴም አይደሉም። «ተሳፋሪዬ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ለልጅሽስ?»

«አስተማሪዋ።»

ማህተም አልመታልኝም፣ እጁን ብቻ ወደ በሩ ዘረጋልኝ፤ አለፍኩ።

ባቡሩ ውስጥ እንዴት እንደምነግራት ስለማመድ ሄድኩ። መጀመሪያ አቅፋታለሁ። ከዚያ አስቀምጣታለሁ። ከዚያ ነው የምነግራት። በግራዋ እኔ እሆናለሁ፤ በቀኟስ ማን ይቆማል? ይህን እያሰብኩ ባቡሩ ቆመ፣ ወረድኩ።

ጣቢያው ላይ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። አንድ ወንበር ላይ ልጄ ተቀምጣለች። አጠገቧ ትልቅ ቦርሳ። ልትሄድ ነው፣ ትታው ልትሄድ ነው አልኩ። ሮጥኩ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም» አለች። ቦርሳውን ከፈተችና ወፍራም ካፖርት አወጣች። «አንቺ ሁልጊዜ ያችን ስስ ጃኬት ነው የምትለብሺው እማ።» ሳልጠይቃት አለበሰችኝ፣ ቁልፎቹን ቆለፈችልኝ፣ ልክ ሕፃን ሳለች እኔ እንደማደርግላት።

«ሐያቴ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሞተዋል።»

«በምን አወቅሽ?»

አስቤ አይደለም፣ ከአፌ ወጣ። ልጄ ሳቀች፣ በዚያው ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛዋ፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ማክሰኞ ነበር። በዚያ ሰዓት እኔ መኪና ውስጥ መሆን ነበረብኝ። ፍሬቻው አይሰማም። የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ነው። ማክሰኞ ቤት ከሆንኩ የምወስደው ሰው የለም ማለት ነው። ደግሞም እሷ ልታነብ እያለች ጋሼ ሰይድ ተኝተው አያውቁም።

«ታዲያ ለምን ስልክ አታነሺም? ልትገድይኝ ነው?»

«ደግመሽ እንድትዋሺኝ አልፈለግኩም። ደግሞ መጨረስ ነበረብኝ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «መልእክትሽን ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። ጽሑፉን ትናንት አስገባሁ እማ። ጮክ ብዬ ለብቻዬ አነበብኩት። ጣታቸውን የሚያነሱበት ቦታ ላይ ሁሉ ቆምኩ።»

ወንበሩ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። በቀኟ የቆመ ሰው አልነበረም፤ እሷም አልወደቀችም። እኔ ነኝ የተንሸራተትኩት፣ የያዘችኝ እሷ ናት። አንድ ባቡር መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ማናችንም አላየነውም።

ይህን የምጽፈው ክፍሏ ውስጥ ሆኜ ነው። ውጭ ዝናብ ነው፤ መጋረጃው ክፍት ነው። የያዝኩላትን ድርቆሽ ፍርፍር አድርጌላት ሳህኑን ጠርጋ በልታለች። አሁን ካፖርቴን ለብሳ ተኝታለች። በምን አወቅሽ ብትሉኝ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያየኋት ነው።

ደርሻለሁ። ደህና ነን።